አራሚው አጎቴ በሐይቅ ዳር

የረጠበ የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ሲረገጥ የሚሸተውን ሽታ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? የበግም፣ የጭስም፣ የዝናብም ጠረን አለው። ድምፁ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ ይላል። በብርዳማው ሞላሌ ልጅ ሳለሁ አዲስ ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ተሸምኖ ሲያልቅ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፍና፣ ጠብቆ ብርድ የማያስገባ እስኪሆን ድረስ በእግር ይረገጥ ነበር። ያን ሽታ አርባ ዓመት አጥቼው ኖሬ፣ ባለፈው ጥር ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ሪዞርት ውስጥ አገኘሁት። እንዴት እንደ ሆነ ለማውራት ግን አስቀድሜ ስለ አጎቴ መናገር አለብኝ።

በምድር ላይ ያለ ቤተ ዘመድ ሁሉ አንድ አራሚ አለው። «እኛ ዘንድ የለም» የሚል ሰው ካለ፣ አራሚው እሱ ራሱ ነው። አራሚ ማለት የሰው ሥራ ጎድሎ ካየ እህል የማይወርድለት ፍጡር ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ከማልቀሱ በፊት የድንኳኑን ካስማ ነቅነቅ ያደርጋል።

የእኛ ሊቀ አራሚያን ጋሽ ወልደ አማኑኤል ናቸው፤ የሞላሌ ገብስ አራሽ፣ ባና ሸማኔ፣ በዓለም ላይ የላላ ነገር ሁሉ የበላይ ጠባቂ። በሠርጌ ቀን ሚዜዎቹን ደጅ አቁመው የአዳራሹን በር ማጠፊያ አጥብቀዋል። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ሐኪሙ ደረታቸውን ሲያዳምጥ፣ እሳቸው ሐኪሙ የተቀመጠበትን ወንበር ያዳምጡ ነበር።

«ልጄ፣ የእኔስ ልብ ትንሽ ይቆያል» አሉት። «ይኼ ወንበር ግን አይከርምም።»

የዘወትር ቃላቸው አንዲት ናት፦ «ይኼማ እንዲህ ሆኖ አያድርም!» ይህችን ቃል ከተናገሩ በኋላ ሊያስቆማቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ባለቤታቸው እትዬ ስመኝ። «ተወው እባክህ፣ የሰው ነው» ሲሏቸው እንደ ተቆጡት ተማሪ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እትዬ ስመኝ ካረፉ ግን ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

ወደ ሪዞርቱ የወሰደችን ልጃቸው ጽናት ናት። አዲስ አበባ ቤት ሠርታለች። አሳቧም ግልጽ ነበር፤ አባቷን ከሐሙስ እስከ እሑድ አዝናንታ፣ አለዝባ፣ የሞላሌውን ቤት ዘግተው ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ማሳመን።

«በዚያ ብርድ ብቻቸውን እንዴት ይሆናሉ? አንተን ይሰሙሃል፣ አወቀ። እሑድ ስንጠይቃቸው አግዘኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። እውነቷን ነው። ግን ያ ቤት ከተዘጋ ሞላሌ ስሄድ የማንን በር አንኳኳለሁ? ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

ሐሙስ ገና ክፍላቸው ሲገቡ አልጋው ላይ ፎጣ በዳክዬ አምሳል ተጠቅልሎ ጠበቃቸው። «ምን አድርጎ ነው እንዲህ ያሠቃዩት?» አሉና ፈትተው እንደ ነጠላ አጠፉት። ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ወርደን ከሣር ጥላዎቹ ሥር ተቀመጥን። ቀና ብለው ክዳኑን አዩ። አስተናጋጁን ምንተስኖትን ጠሩት።

«ይኼን ሣር ማን ነው የከደነው?»

«ዲዛይነር ነው፣ አባባ።»

«አገሩ የት ነው?»

«እኔንጃ።»

«ዝናብ የማይዘንብበት አገር ነው።»

ጽናት ወሬውን ልታስቀይር ብላ፣ «ሐይቁስ፣ አባባ? ደስ አይልም?» አለቻቸው።

አጎቴ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር መረመሩት። «እሱ ደኅና ነው» አሉ። «የሠራው ያውቃል።»

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ ጽናት እየሮጠች መጣች።

«አባባ ጃኩዚ ውስጥ ናቸው!»

«ታዲያ ለዚህ አይደል ያመጣሻቸው?»

«ከግድግዳው ባና ጋር ነዋ!»

እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ ጥቁር ባና ነበረ፤ ስንገባ በሁለት ጣታቸው ፈተግ አድርገውት ሲያልፉ አይቻለሁ። ስደርስ አጎቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በሚፍለቀለቀው ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆመው ይረግጣሉ። ከእንግዶቹ ግማሹ ስልኩን ደቅኗል። የትምወርቅ የምትባለው ሥራ አስኪያጅ ወገቧን ይዛ ከበላያቸው ቆማለች።

«አባቴ፣ ይውጡ እንጂ! ለጌጥ እኮ ነው!»

«ጌጥስ ቢሆን ጥሬውን ይሰቀላል? አልተረገጠም፣ ልጄ! በጣትሽ ብትነኪው እኮ ጣትሽ ያልፋል። ይኼማ እንዲህ ሆኖ አያድርም!»

«አወቀ፣ አውጣቸው!» አለች ጽናት።

ላወጣቸው ጎንበስ አልኩ። ያ ሽታ መጣ።

«ሁለት እግር ያንሰዋል» አሉኝ አጎቴ፣ ቀና ሳይሉ። ጫማዬን አወለቅሁ። የስድሳ ዓመት ሰው ነኝ፤ የመንግሥት ጡረተኛ ነኝ። ገባሁ። ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ።

የትምወርቅ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። አፍንጫዋ ግን ቀደማት መሰለኝ። «እኔም ባና ከሚረገጥበት አገር ነኝ፤ የራቤል ልጅ» አለች ዝግ ብላ። «ጥሬ ባና ሰቅዬ እንደ ኖርኩ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።»

ሰዎች በአጎቴ እንደማፍር ያስባሉ። እኔ ግን ሊጠይቁኝ ከሞላሌ ሲመጡ፣ ከቤቴ አንዱን ብሎን ላላ አድርጌ ነው የምጠብቃቸው።

እሑድ አስቀድሰን ተመለስንና ክፍላቸው ውስጥ ተቀመጥን። ጽናት የተዘጋጀችበትን ሁሉ ተናገረች።

«ክፍልዎ ፀሐይ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ አባባ፤ አንድም የተበላሸ ነገር የለውም። ምን ያግድዎታል?»

አጎቴ የተቀመጡበትን ወንበር መደገፊያ ዳበሱ።

«ድር ላይ ያለ ባና አለኝ።»

«የማን ነው?»

«የቤት ነው። በእናትሽ ፈትል የጀመርኩት።»

«ምን ያህል ይቀረዋል?»

«ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።»

የጽናት ፊት በራ። «ሁለት ክንድማ ለእርስዎ ምን አላት! ጨርሰው ይመጣሉ።»

«መቼ ነው የጀመሩት፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በዐርባዋ ማግስት።»

ከዐርባው ወዲህ ዓመት አልፏል። አጎቴ አንድ ባና በሁለት ሳምንት ነው የሚያወርዱት። ጽናትም ይህን ታውቃለች፤ የበራው ፊቷ ቀስ ብሎ ደበዘዘ።

«ሌላ ፈትል አልተወችም» አሉ፣ መዳፋቸውን እያዩ። «አንዳንድ ቀን ማጉን አንድ ጊዜ ወርወር አደርጋለሁ። አንዳንድ ቀን እንዲያው ተቀምጬበት እነሣለሁ። ካለቀማ... ካለቀ ሌላ ምን አለኝና?»

ጽናት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀይ ነው። ተራው የእኔ ነበር። ልናገረው የመጣሁትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ብርዱን፣ ብቸኝነቱን፣ ዕድሜውን። የሞላሌውን በርም አሰብኩ፤ ቀጥሎ ያልኩትን ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ባናው እንዲህ ሆኖ ይደር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሡ፣ ለሞላሌ መንገድ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ዱላቸውን አነሡ። ደኅና ዋሉም፣ ኑ እንሂድም አላሉን። በሩን ግን፣ ተከተሉኝ እንደ ማለት፣ ሳይዘጉት ወጡ።