የገብረአምላክ ወፍራም እግር

ገብረአምላክ፦ አንተ ሰውዬ፣ የታመመው ቀጭኑ ነው አልኩህ። ወፍራሙ ምን ጎደለበት?

ገነነ፦ የኔ ታዲያ ሁለቱም ቀጭን ናቸው።

ገብረአምላክ፦ ስላንተ እግር ማን አወራ?

(ፒያሳ፣ አንድ የግል ሐኪም ቤት። ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ከበላያቸው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ገብረአምላክ ከወገቡ በታች በጋቢ ተሸፍኗል።)

ገነነ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ነው ያረጀው። ጓደኛው ደግሞ በጣሊያን ጊዜ አስተርጓሚ ስለነበር ከቋንቋው ጋር ሕክምናውንም የተማረ ይመስለዋል። ከነፃነት ወዲህ ገብረአምላክ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ጠዋት ዱካ መቀመጫው ላይ ከተቀመጠ የሚነሣው ፀሐይ ስትገባ ነው፤ ምሳውንም እዚያው ያስመጣል።

ሰሞኑን ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወፈረ፣ ቀላ፣ ሞቀ። ገብረአምላክ አይቶ ደስ አለው። ይሄኛው ተመችቶታል፣ እንግዲያውስ የከሳው ቀኙ ነው ብሎ ፈረደ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ የግራውን የሱሪ እግር አሰፋ፤ ቀኙን ቅቤ ቀባው። ቀኙ ያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቀኙ የሚያወፍር መርፌ ሊወጋ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጌሻው መርሻ ግራውን ከታች ወደ ላይ እያሸ፣ የተረፈውን ሥጋ ወደ ቀኙ ሊያሻግርለት ተቀጣጥረዋል።

ገነነ፦ ሥጋው መንገድ ስቶ ወደ ሆድህ ቢሄድስ?

ገብረአምላክ፦ ለዚህ እኮ ነው መርሻን የጠራሁት። እጁ መንገድ ያውቃል።

ገነነ፦ ግን ግራህን ስትረግጥ ታነክሳለህ።

ገብረአምላክ፦ ከብዶኝ ነዋ። ወፍራም ነገር ቀላል ይሆናል እንዴ?

ገነነ፦ (ጋቢውን በቅናት እያየ) ታድለሃል።

ተራቸው ደርሶ ገነነ ደግፎት ገቡ። ገብረአምላክ ግራውን እንደሸፈነ ቀኙን ብቻ ዘረጋ። ሐኪሙ ዳሰሰው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው፤ ምንም አልሆነም አለ። ገብረአምላክ መርፌ ካልተሰጠኝ አልነሣም ብሎ ተሟገተ፤ አማርኛው ሲያልቅበት በጣሊያንኛ ቀጠለ። ሐኪሙ ሰለቸውና የሚቀጥለውን ሰው ሊጠራ በሩን ከፈተ። ገነነ ዕድሉ እንዳያመልጠው ጉሮሮውን ጠረገ።

ገነነ፦ ዶክተር፣ ለሱ ካልሆነ ለኔ ያድርጉልኝ። ሁለቱንም እግሬን ልክ እንደሱ ግራ እግር።

ሐኪሙ፦ ግራ እግራቸው ምን ሆነ?

ገብረአምላክ፦ (ጋቢውን በኩራት ገልጦ) ምን ይሆናል? ጤና እንዲህ ነው።

(ሐኪሙ በሩን መልሶ ዘጋ።)

ሐኪሙ ጥያቄውን አከታተለ። ገብረአምላክ ሰባ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር የሳንባ ምች አስተኝቶት ነበር፤ ሊጠይቀው የመጣው ዘመድ ሁሉ ደግሞ ቀና እንኳ እንዳትል እያለ፣ ከዳነም በኋላ ከአልጋው አላስነሣው። ከዚያ ለተዝካር መቀሌ ድረስ በአውቶቡስ ጉልበቱን አጥፎ ሄዶ፣ አጥፎ ተመለሰ። ገነነ ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጦ መዋሉን ጨመረበት። ሐኪሙ በየመልሱ ፊቱ እየከበደ ሄደ።

ሐኪሙ፦ ይሄ ውፍረት አይደለም፣ አባቴ፤ እብጠት ነው። ከውስጥ ባለው ደም ሥር ደም የረጋብዎ ይመስለኛል። ዕድሜ አለ፤ ተኝቶ መክረምና ተቀምጦ መዋል ሲጨመርበት የእግር ደም እንደ ልቡ አይዘዋወርም። አሁኑኑ ሆስፒታል ገብተው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይጀምራሉ።

ገብረአምላክ፦ ከሰዓት በኋላ እኮ የሚያሸኝ ሰው ቀጥሬያለሁ።

ሐኪሙ፦ ማንም እንዳይነካው። ሲታሽ የረጋው ተነቅሎ ሳንባዎ ውስጥ ከገባ፣ እኔም አልደርስልዎም።



 ገነነ ጋቢውን አነሣና የጓደኛው እግር ላይ ቀስ አድርጎ መለሰለት፤ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ።

ገብረአምላክ፦ ገነነ፣ ቶሎ መርሻ ጋ ሂድ። አትምጣ በለው።

ገነነ፦ ለምን ቢለኝስ?

ገብረአምላክ፦ ያ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ ከሁለት እግሩ የታመመውን መለየት አቅቶት ሊሞት ነበር በለው።

ገነነ፦ ተው እንጂ ገብሬ። አንተ በአንዱ ብቻ ነው የተሳሳትከው። እኔ እኮ ሁለቱንም እንዲያደርግልኝ ለምኛለሁ።