የሙሽራዋ ጠርሙስ

(በሻምፓኝ አገር፣ በወይን ኮረብታ ሥር ያለች መንደር። ነገ የኦዲል ሠርግ ነው። አባቷ አንሰልም የአረንጓዴ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ በሩ ፊት ቆሟል። የክርስትና አባቷ ባዚል በርሜል ላይ ተቀምጦ ዳቦ በአይብ ይገምጣል። የአንሰልም ሚስት ማርሰሊን፣ በሩ እንደ ሙሽራዋ ቀሚስ “ሻምፓኝ” የሚባል ቀለም ይቀባ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።)

አንሰልም፦ ሻምፓኝ አረንጓዴ ነው አልኩህ።

ባዚል፦ ቀሚሱ እኮ አረንጓዴ አይደለም፣ አበልጄ።

አንሰልም፦ ቀሚሱን ተወውና ከሥሩ ጀምር። ሻምፓኝ በጥንቱ ቋንቋ ገላጣ ሜዳ ማለት ነው። ሜዳው ለአገሩ ስም ሰጠ፣ አገሩ ለወይኑ፣ ወይኑ ለቀለሙ። ሜዳ ደግሞ ምንድን ነው?

ባዚል፦ ላም የሚውልበት።

አንሰልም፦ አረንጓዴ ነው!

ባዚል፦ በመከር ቢጫ ይሆናል፣ በብርድ በረዶ ይለብሳል። በሩን በየወቅቱ ልንቀባው ነው?

(አንሰልም ጢሙን አሻሸ።)

ባዚል፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ወይኑን ቀድቶ ማየት አይሻልም?

አንሰልም፦ አሁን ገና ቁም ነገር ተናገርክ።

(ወደ ምድር ቤት ወረደ። እጁ የገባውን ጠርሙስ ይዞ ወጣ፤ ቡሹን አስፈንጥሮ ቀዳና ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣ።)

አንሰልም፦ ይኸው፣ የገለባ ቀለም።

ባዚል፦ አረንጓዴ አይደለማ።

አንሰልም፦ የደረቀ ሜዳ ነው። እንዳልኩህ።

ባዚል፦ (ቀድቶ እየጠጣ) አንገቱ ላይ ያለው ነጭ ጥብጣብ ምንድን ነው?

(አንሰልም ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ በዚያ መንደር ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና አባቷ አንድ ጠርሙስ ጥብጣብ አስሮ ያስቀምጥላት ነበር። የሚከፈተው በሠርጓ ዕለት ነው፤ የመጀመሪያውን ጉንጭ የምትቀምሰውም እሷ ናት።)

አንሰልም፦ የኦዲል ነው። ምነው እጄን በሰበረው! ነገ ልጄን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

ባዚል፦ ክርስትናዋ ዕለት ትዝ ይልሃል? ከቄሱ ጋር በአንድ ቃል ተከራክረህ፣ ማስረጃ ላሳይ እያልክ የእንግዳውን መጠጥ ሁሉ ከፈትክ።

አንሰልም፦ እና?

ባዚል፦ እናማ ጥብጣቡን ተራ ጠርሙስ ላይ አሰርኩት። የኦዲል ጠርሙስ እኔ ቤት አልጋ ሥር ነው።

(አንሰልም ደረጃው ላይ ዘፍ አለ።)

አንሰልም፦ እግዜር ይስጥህ፣ አበልጄ። በሩንስ ምን ላርገው?

ባዚል፦ የበሩም ቀለም እዚያው ነው። ማርሰሊን ትናንት ገዝታ እኔ ዘንድ አስቀምጣዋለች።

አንሰልም፦ ሁሉን እያወቅህ ታዲያ ጠርሙሱን ለምን አስከፈትከኝ?

ባዚል፦ ዳቦው አልወርድ ብሎኝ።