የእማማን ፊያት ታሪክና ዋጋ ለማጣራት የተቋቋመው የቤተሰብ ኮሚቴ አምስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጠዋት
ቦታ፦ የታላቅ ወንድም ሳሎን፣ ከፊያቷ ተነቅሎ በመጣው የኋላ ወንበር ላይ

የተገኙ፦ ታላቅ ወንድም (ሰብሳቢ)፣ ፋርማሲስቷ እህት (አባል)፣ ታናሽ ወንድም ደላላው (አባል)፣ የፋርማሲስቷ ባል (ጸሐፊ፤ አማች ስለሆነ ድምፅ የለውም፣ ጽሕፈቱ ግን ያምራል ተብሏል)
ያልተገኙ፦ እዚሁ ግቢ የሚኖሩት የመኪናዋ ባለቤት እማማ። ምክንያት፦ አልተጠሩም።

ሦስቱ ልጆች ወንበሩን ስለሞሉት ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ጸሐፊው ቆሟል።

አጀንዳ 1፦ የመኪናዋ ታሪክ

ሰብሳቢው ፊያት 1100 ማርሽዋ ከመሪው ሥር የሆነ፣ በዘመኗ መንገደኛ ዞሮ የሚያያት የጣሊያን መኪና እንደነበረች አስረድተው፣ የዛሬ ገዢ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለብረቱ ሳይሆን ለታሪኩ ነው አሉ። ደላላው መኪናዋ አዋላጇን እማማን ይዛ በየሰፈሩ ከመሮጥ በቀር ታሪክ እንደሌላት ገልጸው፣ “ምጥ ሲጫንባት የኖረች መኪና ማን ይገዛል?” በማለት አምባሳደር ይነዳት ነበር እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ፋርማሲስቷ አምባሳደር ሹፌር አያጣምና ከኋላ ይቀመጥ ነበር በሚል እንዲሻሻል ጠየቁ። ሰብሳቢው እዚሁ ወንበር ላይ መወለዳቸው ቢነሳም በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አሳስበዋል። ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አምባሳደሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የየት አገር እንደሆነ ወደፊት ይወሰናል።

አጀንዳ 2፦ ዋጋ

ገዢው ከሰዓት እንደሚመጣ፣ ዕቃዋ ከፋብሪካ እንደወጣ ከተገኘ የተጠየቀውን እንደሚከፍል፣ አንድ ነገር ከጎደላት ግን “ቁርጥራጭ ብረት ናት” እንዳለ ደላላው አቀረቡ። ጸሐፊው የተቀመጡበትን ወንበር ቢያስታውስ ዝም እንዲል ተነግሮታል።

ፋርማሲስቷ ሰብሳቢው ከወንበሩ እንዲነሱ ጠየቁ። ሰብሳቢው “መጀመሪያ አንቺ መታጠቢያ ቤትሽ የሰቀልሽውን መስታወቷን አውርጂ” በማለት መለሱ። ደላላው የግንባሯን ዓርማ ቢሯቸው የወሰዱት አደራ ለመጠበቅ ብቻ መሆኑን ሲምሉ፣ ከጓሮ ድምፅ በመሰማቱ ውይይቱ ተቋረጠ። ሰብሳቢው “ይህ የጎረቤት ጄኔሬተር ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አላስቀምጥ አለን እኮ!” ብለው መስኮቱን አስዘጉ።

ወንበሩ፣ መስታወቱና ዓርማው ባሉበት ይቆዩ፤ መኪናዋ ምንም አልጎደላትም ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

እማማ፣ ታመው ሆስፒታል የተኙትን እህታቸውን ወደ ቤት የሚያመጣላቸው ሰው እንዲፈለግ ያቀረቡት፣ ካለፉት አራት ስብሰባዎች ሲንከባለል የመጣው ጥያቄ ታየ። ሰብሳቢው ሥራ እንደበዛባቸው፣ ፋርማሲስቷ ተረኛ መሆናቸውን፣ ደላላው መኪናቸው ጋራዥ መግባቷን ገልጸዋል። ጸሐፊው “እኔ ልሂድ” ቢል ድምፅ እንደሌለው ተነገረው። ጥያቄው ለስድስተኛ ስብሰባ ተላለፈ።

ይህ እየተጻፈ በሩ ተከፍቶ እማማ ቁልፍ ይዘው ገቡ።

“ተነሱ” አሉ።

ሰብሳቢው “እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነን” ብለው አስረዱ።

“አንተ እዚህ ወንበር ላይ ስትወለድም አልወጣም ብለህ ነው ያስጨነቅከኝ። ተነስ! እህቴ ተኝታ የምትመጣበት ነው።”

ወንበሩን ሰብሳቢውና ደላላው ተሸክመው ወጡ። የጎረቤት የተባለው ጄኔሬተር ፊያቷ ሆና ተገኘች፤ ሸራዋ ተገፎ፣ ሞተሯ እየሠራ ግቢው ውስጥ ትጠብቅ ነበር። እማማ በየቅዳሜው ሲያስነሷት እንደኖሩ ያኔ ታወቀ። ፋርማሲስቷ “መስታወቱንስ ላምጣው?” ቢሏቸው “ተይው፣ ራስሽን እዪበት” አሏቸው።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ በቁም ቀጥሎ አምባሳደሩ ተሻረ፤ መኪናዋ ዕቃ እንደጎደላት ታመነ፤ ጥያቄው ጠያቂዋ መልስ መጠበቅ ስላቆሙ ተሰረዘ። በጠቅላላው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ገዢው ሲመጣ ማን በር እንደሚከፍትለት ግን መስማማት አልተቻለም።

ስብሰባው ረፋዱ ላይ፣ መቀመጫ በማጣት ተበተነ።

ማሳሰቢያ፦ የታመመ ሰው የሚደግፍ ስላስፈለገ ይህ ቃለ ጉባኤ ያለቀው በፊያቷ የፊት ወንበር ላይ፣ ከእማማ ጎን ነው። ጸሐፊው ተቀምጧል።