የታጨደው ጣሪያ

ሰው ቤት የሚሠራው ለመኖር ነው የሚል ካለ ቤት ሠርቶ አያውቅም። ሰው ቤት የሚሠራው ጎረቤት እንዲያይለት ነው! ዓለም በቃኝ ብሎ ዋሻ የሚፈለፍለው ባሕታዊ እንኳ በሩን ወደ መንገድ ያዞራል። እናንተም ብትሆኑ... ይቅር፣ የእናንተን በር እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኔ በዕድሜዬ አንድ ቤት ባሠራ፣ እሱም እንዳይታይ ታዝዞብኝ ነው።

መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ጊዜያዊ ጸሐፊ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የእንጀራ ገመዴ ይበጠሳል። ጊዜያዊ ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ወንበሩ እንኳ ሲቀመጡበት “እስከ መቼ?” እያለ ይንቋቋል። አለቃዬ ግራዝማች ተሰማ አንድ ቀን አስጠሩኝ።

“ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚያዩ እንግዶች ሊመጡ ነው። ማረፊያ ቤት ይሠራል፤ ተቆጣጣሪው አንተ ነህ። መጀመሪያ የምትመጣው ፈረንጅ ከተደሰተች ቋሚ ትሆናለህ።”

“ካልተደሰተችስ ጌታዬ?”

“ግጥምህን ሸክፈህ ወደ አገርህ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማህ!”

ፕላኑን የነደፈው ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጣ። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በሌላው ጋራውን እንደ መባረክ አለና “ቤቱ ከተፈጥሮው ጋር መዋሃድ አለበት” አለ።

ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ምን እያለ ነው?”

“ቤቱ አይታይ ነው የሚለው ጌታዬ።”

“አይታይ? ታዲያ መሠራቱ በምን ይታወቃል?”



የአገሩ ሽማግሌዎች ቦታውን ፈቀዱልን። ግድግዳውን በዚያው ድንጋይ አቁመን ጀርባውን ቁልቁለቱ ውስጥ ቀበርነው። መከራው ጣሪያው ላይ መጣ። ጋራውን እንዲመስል ጓሳ መልበስ አለበት፤ ጓሳ ደግሞ ተዘግቷል። መንዜ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ እኔም የመርሐቤቴ ልጅ ነኝና ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ይህ ደጋ ስሙን ያገኘበት ረጅም ሣር ለዓመታት ይዘጋል። ሰው አያጭደውም፤ ከብት አይረግጠውም። የሚከፈተው ሕዝቡ የመረጠው ሹም፣ አባ ቄራ የሚባለው፣ ሲፈቅድ ነው። የዛሬው አባ ቄራ አባ ወልዴ ናቸው። ሄጄ እጅ ነሣሁ።

“አባቴ፣ ለመንግሥት ቤት ጥቂት ጓሳ...”

“ተዘግቷል።”

“ለምትመጣው እንግዳ ብለን እኮ ነው።”

“እንግዳህ ሣር ትበላለች?”

“ለጣሪያ ነው እንጂ!”

“ጓሳ በተዘጋበት ዘመን እርጥብ ጓሳ አጭዶ የከደነ ሰው፣ ቤቱ ምን እንደሚሆን ሰምተሃል?”

“አልሰማሁም።”

“ይቃጠላል” አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት!

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ... ለመሠረቱ ስንቆፍር ከነሥሩ ያነሣነው ጓሳ ተቆልሎ ነበር። ግንድ ረብርበን፣ አፈር ደልድለን፣ ያንን ጓሳ ጣሪያው ላይ መልሰን ተከልነው። ክረምቱን ጠጥቶ ተነሣላችሁ! ቤቱ ጠፋ። አንድ ቀን እኔ ራሴ በሩን ስፈልግ ጭስ መውጫው ላይ ቆሜ ተገኘሁ። በኩራት እንዲህ ብዬ ገጠምኩ፦

ጎጆ ሠራሁ እኔ ሣር የለበሰች፤
ፀሐይ ፈልጋት አጥታ ተመለሰች።

አባ ወልዴ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ጣሪያውን በዘንጋቸው ቆርቆር አደረጉት።

“የታጨደ ነው?”

“ማጭድ አልነካውም አባቴ!”

“በሕይወት አለ?”

“ኧረ ከእኔ ይሻላል!”

“እንግዲያው ምንድን ነው ትላለህ? ጣሪያ ነው ወይስ ጓሳ?”

ጣሪያ ብል እሳት ሊመጣ ነው። “ጓሳ ነው!” አልኩ፣ ማዶ እስኪሰማ።

“ስሙልኝ” አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። ሽማግሌዎቹ ሰሙ። እኔም የረታሁ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ስገላበጥ አደርኩ።

የካቲት ላይ የጓሳ መከፈት በየደብሩና በሞላሌ ገበያ ተነገረ። ቀኑ እንግዳዋ ከምትመጣበት ቀን ጋር ገጠመ። “ሕዝቡ ሲያጭድ ታያለች፣ እሰየው!” አልኩ። አያችሁልኝ ጅልነቴን?

በዕለቱ ጠዋት፣ ጉሙ እንደወረደ፣ ውስጥ ሆኜ አልጋ ሳነጥፍ ከአናቴ በላይ ክርት... ክርት... የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ አፈር በራሴ ላይ ወረደ። ሮጬ ወጣሁ። ጣሪያዬ ላይ የደብሩ ሰው ሁሉ አለ! ወንዱ ያጭዳል፣ ሴቱ ያስራል።

“በእግዚአብሔር ውረዱ! ይህ እኮ ቤት ነው!”

አንዲት ባልቴት ነዷቸውን እያሰሩ ጎንበስ ብለው አዩኝ። “የቱ ነው ቤቱ ልጄ?”

“የቆሙበት ነዋ እማማ!”

“እኔስ የቆምኩት ጓሳ ላይ ነው። አንተው አይደለህ እንዴ የመሰከርከው?”

“አባ ወልዴ፣ እባክዎ ይንገሯቸው!” አልኩ ዘንጋቸውን ተደግፈው ከዳር ወደቆሙት ዞሬ።

“ልጄ፣ ጓሳ የሁሉ ነው። አንዷን ጥግ ላንተ ብተው፣ ነገ ሰዉ ሁሉ ጎጆውን እየቀበረ ‘ይህች የእኔ ናት’ ይለኛል። ደግሞ ያንተው ይበልጥ አምሯል። የተከለው እጅ ይባረክ!”

“አሜን!” አሉ ከላይ።

ጉሙ ሲገለጥ ቤቱም አብሮ ተገለጠ፤ ለቅሶ የተቀመጠ፣ የተላጨ ራስ ይመስላል። ላንድሮቨሩም ከች! ግራዝማች ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ የዓለም ከተማ መንገድ ዓይናቸው ውስጥ ታየኝ። ፈረንጇ ግን እጇን አጨብጭባ አንድ ነገር ተናገረች።

“ምን አለች?” አሉ ግራዝማች መሐንዲሱን።

“‘ሕዝቡ ከነማጭዱ የሚሳተፍበት ቤት አይቼ አላውቅም፤ ሐሳቡ የማን ነው?’ አለች።”

“አንተስ ምን አልካት?”

መሐንዲሱ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። “የእኔ ነው አልኳት።”

ይውሰደው! እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። “ጌታዬ፣ እንግዲህ ተደስታለች...” ብዬ ስጀምር አባ ወልዴ ጣልቃ ገቡ።

“ግራዝማች፣ ጓሳ ሲዘጋ ይህም ይዘጋል። በግ ቢወጣበት ቅጣቱ የቤቱ ባለቤት፣ የመንግሥት ነው። ጠባቂ አቁሙለት።”

ግራዝማች አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ እኔን አዩ። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

“በል እንኳን ደስ ያለህ፣ ቋሚ ሆነሃል!”

እናም ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በቋሚነት ከተመደብኩበት ቦታ ነው። ሣሩ መልሶ በቅሏል። መንገድ ጓሳ ያደረሳችሁ እንደሆነ ማረፊያ ቤቱን ስትፈልጉ አትድከሙ፤ አታገኙትም። ቁልቁለቱ ላይ ጋቢ ተከናንቦ በግ ላይ የሚጮህ ሰው ስታዩ ብቻ ቁሙ። በሩ ከእግሬ ሥር ነው።