ጠረጴዛ ላይ ያረፈው የባሕር አውሮፕላን

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ የሚጀመሩት በሰው ዕቃ ላይ ነው። ይህ በልብስ ሰፊዋ ቤት በተግባር ተረጋግጧል። ባሏ፣ የውሃ ቆጣሪ ክፍል ምክትል ኃላፊ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አንድ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ገባ። ሚስቱ ልብስ የምትቆርጥበትን ትልቁን ሰማያዊ ጠረጴዛ ጠረገ። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለጊዜው ነው» አለ።

ያ ጊዜ ሁለት ዓመት ሞላው።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የድሮ ዘመን የእሽቅድምድም አውሮፕላን ሞዴል ነው። ቀይ፣ አፍንጫው ረጅም፣ በጎማ ፈንታ ሁለት ጀልባ የሚመስሉ እግሮች ያሉት፣ ከውሃ ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ። ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው በዘመኑ እሱን የሚቀድም አልነበረም። ባልየው ይህን ፍጥነት እጅግ አከበረ፤ ሆድና ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ብቻ አንድ ዓመት ፈጀ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይል ነበር። እንቁላሉ በዚያው ዓመት በእግሩ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ ለራት ቀረበ፣ ተበላ። አውሮፕላኑ ገና ጅራት አልነበረውም።

ሰፈሩ «ካፒቴን» አለው። ሰፈሩ ሊያሾፍ ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ከውሃ ጋር ያለው ትውውቅ ቆጣሪ ከማንበብ ባያልፍም፣ ካፒቴን ሲሉት ደረቱን ነፍቶ አቤት ይላል።

ልብስ ሰፊዋ አልጋ ላይ መቁረጥ ጀመረች። አልጋ ላይ የተቆረጠ ቀሚስ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቃል፤ አንዱ ጎን ይተኛል። አንዴማ ከጨርቁ ጋር አንሶላውንም ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ አስረከበች። ደንበኛዋ ገበሩን በጣም ወደደችው።

ቀለም የመቀባቱ ምዕራፍ ሲደርስ ካፒቴኑ ቤተሰቡን ሰበሰበ። ቤተሰቡ ማለት ሚስቱና እናቱ ናቸው። ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ አላጣም።

«ብናኝ የቀለም ጠላት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ጨርቅ አይራገፍም፣ ክር አይበጠስም።»

«እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች።

«ማንም አልካደም።»

«ተይው ልጄ» አሉ እናቱ ከመስኮቱ አጠገብ። «በልጅነቱም ብስክሌት ሲፈታ ነው ያደገው። ሲገጥም አላየሁትም።»

መቀሷም ዘመተ። የልብስ መቀስ ወረቀት እንኳ አያስነኩትም፤ ካፒቴኑ ፕላስቲክ ቆረጠበት። ሌላ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጣል። እዚህ ቤት ግን ለአቪዬሽን ዕድገት የተከፈለ መሥዋዕትነት ተባለ። ክንፉን ከሆዱ ጋር የሚወጥሩት ሽቦዎችም ከብርማ ክሯ አንድ በአንድ ተመዘዙ። ለዚህ ሁሉ ምስጋና ቀርቦላታል፤ በቃል።

እንዲህ ባለ ሰላም እየኖሩ ሳለ የሰፈሩ መዘምራን ኳየር መሪ መጣች። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ፣ ቆሞ መጠበቅ የማትወድ ሴት ናት።

«ለመላው ኳየር ካባ እፈልጋለሁ። ክብ ተቆርጦ፣ እጅጌው ሰፊ። ጠረጴዛሽ የታለ?»

ልብስ ሰፊዋ በአገጯ አመለከተች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አውሮፕላን።»

«እሱንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«አርፏል።»

«መቼ ይነሣል?»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየች። ባሏ ጣሪያውን አየ።

«ስሚኝ እህቴ» አለች የኳየሩ መሪ። «ባለፈው አንዱ አልጋ ላይ ቆርጦ ሰፍቶልን፣ ቀጭን ድምፆቹ በሙሉ ወደ ግራ የሚወድቁ መስለው ነው የዘመሩት። ሰው ሊደግፋቸው ተነሥቶ ነበር። እሑድ እመጣለሁ። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ ካየሁ ሥራው ያንቺ። ካላየሁ ድልድዩ ጋ ያለው ሰፊ ዘንድ እሄዳለሁ።»

እንዲህ ያለ ሥራ በልብስ ሰፊዋ ደጅ አልፎ አያውቅም። ይኼ ካመለጣት የቀራት ዚፕ መቀየርና ቁልፍ መትከል ነው። እንግዳዋ እንደወጣች ባሏ ፊት ቆመች።

«ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ፤ አትጨነቂ። ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሞዴል ወዳጆች ማኅበራችን ውድድር አለው። አውሮፕላኑ ይሄዳል። ደግሞ የአንደኛው ሽልማት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሥራ ጠረጴዛ! ባለመሳቢያ፣ ባለመብራት፣ ንቅንቅ የማይል። ያንቺ ላንቺ፣ የኔ ለኔ።»

«ቃል?»

«የካፒቴን ቃል!»

«የባሌን ነው የጠየቅኩት።»

እሱንም ሰጣት።

በዚያ ሳምንት በሁለት ዓመት ያልታየ ፍጥነት ታየ። አውሮፕላኑ ላይ የሚለጠፉት የእሽቅድምድም ቁጥሮች ውሃ ውስጥ ተነክረው ከወረቀታቸው የሚላቀቁ ስስ ሥዕሎች ናቸው። ካፒቴኑ ንጹሕ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈው የእናቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያድርበት ላይ ነው። ጠዋት እናቱ ጥርሳቸውን ሲያነሡ ፊት ለፊቱ ላይ ቁጥር አራት ተለጥፎበታል።

«ስንተኛ ወጣሁ?» አሉ።

የመጨረሻው ቁጥር ተለጠፈ፤ ቨርኒሹ ደረቀ፤ አውሮፕላኑ እንደ ከረሜላ አበራ። ካፒቴኑ ለአንድ ጉዳይ ገበያ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው አጠገብ ቀረች። ግማሹ ባዶ ነው። እጇን በላት። ነጭ ጠመኔዋን አነሣችና በሰማያዊው ላይ የካባውን ልክ ሣለች፤ የአንገቱን ዙር፣ የእጅጌውን ኩርባ፣ የጫፉን ክብ። ይበቃል። እንዲያውም ይተርፋል። አንዲት ስፒል ለምልክት ጥላ፣ እያዜመች ጨርቅ ልትገዛ ወጣች።

ካፒቴኑ በሌላው በር ገባ። የወጣበት ጉዳይ ባሕር ነበር። የባሕር አውሮፕላን ባሕር ከሌለው እግሩን ሰቅሎ የተቀመጠ ዝንብ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሁለት ጣሳ ፈሳሽ ሙጫ ገዛ፤ አንዱ ካንዱ ሲቀላቀል እንደ መስታወት ጥርት ብሎ የሚደርቀውን። አራት ጣውላ ገጥሞ ፍሬም ሠራ። ታች ግን አላበጀለትም። ነገሩን አስቦበታል፤ ባሕር ታች የለውም። ሰማያዊ ጠረጴዛ ደግሞ ባሕር ለመሆን የተፈጠረ ነው። ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አውሮፕላኑን ከመሀል አቆመ፣ አፈሰሰ። የጠመኔውን መስመር አላየም። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከአውሮፕላን በቀር ምንም አይቶ አያውቅም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ካፒቴኑ ሳይቸኩል አፈሰሰ፤ የፈሰሰው ግን አልለቀም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀመንበር ከረባታቸውን አስረው፣ የጭነት መኪና አስከትለው ደረሱ። ባሕሩ ከፈሰሰ ጀምሮ «ሳይደርቅ አይነካም» ተብሎ በሻሽ ተሸፍኗል። ካፒቴኑ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ሊቀመንበሩ ሌላውን።

«አንሣ!»

«አነሣሁ!»

ጠረጴዛው ተነሣ።

«አውሮፕላኑን እኮ ነው ያልኩህ!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አብረው ነው የሚነሡት መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሻሹን ገለጠችው። የእጅጌዋ ኩርባ ከመስታወቱ ሥር ቁልጭ ብሎ አያት። 

«አላቀው» አለች።

«አይላቀቅም።»

«በመጋዝ።»

«ባሕሩ ይሰነጠቃል!»

ሊቀመንበሩ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ወገኖቼ፣ ይህ ችግር ሳይሆን መልካም አጋጣሚ ነው። ጠረጴዛውን ከነባሕሩ እንወስዳለን። እመቤቴ፣ እርስዎ የዚህ ታላቅ ሥራ መሠረት ነዎት።»

«መሠረቱ ጠረጴዛው ነው። እሱን ነው የምትወስዱት።»

«በሩ አያስወጣችሁም» አሉ እናቱ፣ በተስፋ። እውነትም አላስወጣቸውም። ስለዚህ እግሮቹን ፈቱ። የጠረጴዛው አራት እግሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ እነሱን አየት አድርጋ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ለወጠችና ጠረጴዛዋን ተከትላ ሄደች።

አዳራሹ በጥቃቅን ክንፎች ተሞልቶ ነበር። ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያጎነብሳሉ፤ ሲያነጥሱ ዞር ይላሉ። ዋናው ዳኛ በአጉሊ መነጽር ወደ ካፒቴኑ አውሮፕላን ተጠጉ።

«ቀኝ ክንፉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ» አሉ።

ሁለት ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር አለቀ። ዳኛው ግን ቀና ሊሉ ሲሉ ዓይናቸው ታች ቀረ።

«ይህ ነጭ መስመር... የሞገዱ አቅጣጫ ነው?»

ካፒቴኑ መስመሩን ገና አሁን ማየቱ ነው። «በጥናት... በጥናት የተሠመረ ነው።»

«እንዴት ያለ ኩርባ! ይህን የባሕር ሰው ካልሆነ አያሠምረውም።»

«ረጅም ዘመን በውሃው ዘርፍ አገልግያለሁ።»

«እጅጌ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ።

«ምን አሉ?»

«የካባ እጅጌ። ያኛው አንገት ነው።»

«ባለቤትህ ጨዋታ አዋቂ ናቸው» ሲሉ ሳቁ ዳኛው። «ይቺ የምታብረቀርቀውስ?»

«ስፒል» አለች።

«ዓሣ» አለ ካፒቴኑ።

ዓሣዋ ተመዘገበች።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ለንግግር ቆሙ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ብዙ አውሮፕላን እንዳየ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ግን እንዳላየ ተናገሩ። በአንዳንድ ሰው ቤት ባሕር ሳይታወቅ እንደሚኖር ተናገሩ። በመጨረሻም አውሮፕላኑ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት አገኘ፣ ባሕሩ አንደኛ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማዘጋጃ ቤቱም ባሕሩን ለቋሚ ዕይታ ስለፈለገው ከአዳራሹ እንዳይወጣ ተወሰነ። ካፒቴኑ ምስክር ወረቀቱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሽልማቱ ባለመሳቢያ፣ ባለመብራት ሆኖ መኪናው ላይ ሲጫን ግን ፊቱ በራ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሽልማቱ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ ቢኖርም አትነሣም ነበር።

እሑድ የኳየሩ መሪ መጣች። ድምፅዋ አስቀድሞ ገባ፣ እሷ ተከተለች። ክፍሉ መሀል አዲስ ጠረጴዛ ቆሟል፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፣ ነጭ ኩርባ ተሥሎበታል። በመዳፏ ጫን ብላ ነቀነቀችው። ንቅንቅ የለም።

«አውሮፕላኑስ?»

«ተነሣ።»

«እንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው» ብላ የሰዎቿን ልክ ትዘረዝር ጀመር።

እሷ ሳትወጣ ካፒቴኑ ገባ። ሌላ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል። ካርቶኑ ላይ ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ይታያል፣ ባለ ብዙ ክንፍ። ጠረጴዛውን አየ። ጨርቁን አየ።

«ይኼ እኮ የኔ ሽልማት ነው።»

«ሽልማቱ የባሕሩ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ባሕሩ እጅጌዬ ነው።»

«ልክ ናት» አሉ እናቱ። «አንተ የወጣልህ ወረቀት ነው። እሱ ላይ ሥራ።»

«ታዲያ የት ልገጥም?»

«አልጋው ባዶ ነው። አንዱ ጎን ይተኛል እንጂ ይሆናል። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ጣሳ አይከፈትም። ሙጫ የጨርቅ ጠላት ነው።»

ካፒቴኑ ካርቶኑን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። የኳየሩ መሪ ሳቋን በአፍንጫዋ አስወጣች።

«እስከ መቼ?» አለ።

«ለጊዜው ነው» አለችና አፏን በስፒል ሞላች።