በክብር ልክ ማስያዝ

ወንድ ልጅ ገበያ ወጥቶ ለአንድ እስር ሽንኩርት ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ካርታ ላይ ሲቀመጥ ግን መከራከር ነውር ይሆንበታል። ለምን? እንጃ። እኔ ፊደል እንኳ በቅጡ አልቆጠርሁም፤ መታከትን ግን ተምሬ ጨርሻለሁ።

ባለቤቴ ባላምባራስ በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ለጉልበቴ ሶደሬ ፍል ውሃ ሊያደርሱኝ ዳማ በቅሎዬን ይጭናሉ። ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ከግሪኩ ሱቅ ግን አናልፍም። እሳቸው ከግሪኩ ጋር ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ይጫወታሉ፤ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ስጠብቅ ስጠብቅ፣ የትኛው ሥዕል የትኛውን እንደሚበልጥ ከዚያው ከጆንያዬ ላይ ሆኜ አወቅሁት።

ባላምባራስ የሚያስይዙት በካርታቸው ልክ መሰላችሁ? በክብራቸው ልክ ነው እንጂ! ግሪኩ ሁለት ብር ጨምሮ፣ ጌታዬ ከከበደዎ ይተዉት ካላቸው፣ ባዶ እጃቸውን አሥር ይጨምራሉ። ጥሩ ካርታ የገባላቸው እንደሆነ ደግሞ፣ ግሪኩ እንዳይሸሽባቸው አንዲት ብር በጣታቸው ጫፍ ገፋ ያደርጋሉ። እሱም ፈገግ ብሎ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ጆንያው እንኳ የነቃበትን እሳቸው አልነቁበትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በክብር ጨምረው ጨምረው በቅሎዬ ተበላች። ተነሣሁና ቦታውን ይልቀቁልኝ አልኋቸው። ሴት ደግሞ ካርታ ትነካለች ወይ ቢሉኝ፣ በቅሎ የሌላት ሌላ ምን ትንካ አልኋቸው።

ከመቀነቴ ስድስት ብር ፈታሁ። ሦስት ንጉሥ ሲገባልኝ አንድ ብር፤ ምንም ሳይገባልኝም አንድ ብር። ግሪኩ ግራ ገባው። ፊቴንም ቢያይ፣ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ሁልጊዜ ያው ፊት ነው። እመቤቴ፣ ምን ይዘው ነው ይለኛል። ቁርጥማት እለዋለሁ። ከቀትር በኋላ ተናደደና ሊያስደነግጠኝ በቅሎዋን አስያዘ። እስከዚያ በልቼ በፊቴ የከመርሁትን ብር ሁሉ ገፍቼ፣ ይታይ አልሁ። እሱ ባዶ፤ እኔ ሁለት ንጉሥ!

መንገድ ላይ ባላምባራስ ምስጢሩን ንገሪኝ ብለው ለመኑኝ። እኔ ሞኟ ነገርኋቸው፦ ካርታው ቢያምርም ባያምርም፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያስይዙ።

በሚቀጥለው ወር ምክሬን ቅንጣት ሳያጓድሉ ፈጸሙ። ሦስት ጊዜ አስያዙ፤ ሦስቱንም ጊዜ በቅሎዬን።

ሁለቱን እኮ በልቼ ነበር ይሉኛል፣ ወደ ሶደሬ በእግራችን ስንወርድ።