የአጥንት ከሰልና የሰኔ ጾም

መንግሥት ገንዘብ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ አይሰጥም። ከዚያ ግንቦት ሲጋመስ ድንገት ይለቅና «ሰኔ ሳያልቅ ሥሩበት፣ አለዚያ ይመለሳል» ይላል። በሰኔ በየመሥሪያ ቤቱ ደህናው ወንበር የሚቀየረው፣ ያልቆሸሸው ግድግዳ የሚቀባው ለዚህ ነው። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩና በቀለም ሽታ ራሴን እያመመኝ ብዙ ሰኔ አሳልፌያለሁ። ወንበር ሲሆን ያስቃል። ምርምር ሲሆን ግን ያሳዝናል፤ ምርምር እንደ ግድግዳ በጥድፊያ አይቀባማ።

ለዚህ ምስክሬ የላፍቶ ጎረቤቴ ተሾመ ነው። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሰፈራችን ገና ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነበር። ተሾመ የመንግሥት የውሃ ተመራማሪ ሲሆን ተወልዶ ያደገው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ የሚበቅልበት፣ ሲያድጉም አጥንታቸው የሚጎብጥበት መንደር። ታናሽ እህቱ ገና በወጣትነቷ በምርኩዝ ትሄዳለች። ልጆቿም ያንኑ ውሃ እየጠጡ ነው። ተሾመ መላውን ያውቀዋል፦ የከብት አጥንት በደንብ ከስሎና ተፈጭቶ በርሜል ውስጥ ይሞላል፣ ውሃው በዚያ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እዚያው ጥሎ ይወርዳል። ለዚህ በጀት ደጅ ሲጠና ከርሞ በግንቦት ተለቀቀለት። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ መንደሩ ከመሄዱ በፊት ሰው ይህን ውሃ አምኖ እንደሚጠጣ እዚሁ ሰፈሩ ውስጥ ለገምጋሚዎች ማሳየት አለበት ተባለ። ካላሳየ በጀቱ ይመለሳል።

ሁሉን አሰበ፣ አንድ ነገር ረሳ። አጥንቱን ግቢው ውስጥ አክስሎ፣ በርሜሉን ሞልቶ፣ ቧንቧውን ገጥሞ ሲጨርስ የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር።

መቼም እኛን ታውቁናላችሁ። የሰኔን ጾም በሌላው ዓመት «የቄስ ጾም ነው» ብለን በጥብስ ነው የምናሳልፈው። በዚያ ዓመት ግን የሚከስለው አጥንት ሽታ ሰፈሩን ካዳረሰ በኋላ የማይጾም ሰው ጠፋ። ከሥጋ ቤት የማይጠፋው ጋሽ በቀለ እንኳ ብርጭቆ ሲዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጾም ነው ወንድሜ፣ በአጥንት ያለፈ ውሃ እንዴት አድርጌ» አለ። ጾሙ የማይመለከተው ፕሮቴስታንቱ ጎረቤታችን ጴጥሮስ ደግሞ «ሰፈሩ ያልጠጣውን እኔ ለብቻዬ ብጠጣ ምን ይሉኛል?» ብሎ ተወው። ለምን ቄስ አትጠይቁም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ቄሱ «ጠጡ» ቢሉንስ? ከዚያ በምን እናመካኛለን?

ተሾመ ከሥራ ሲመለስ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ውሃውን ብቻውን ይጠጣ ነበር። ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ገምጋሚዎቹ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጿሚው እህል ከቀመሰ በኋላ መጡ። ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰፈሩም ወሬ ለማየት ግቢውን ሞላ። ሰዎቹ በርሜሉን ዞረው አዩ፣ ውሃው ኩልል ብሎ ሲወርድ ተደነቁ። ተሾመ ብርጭቆ ሞልቶ አቀረበ። ከሁለቱ አለቃ የሆነው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመለከተና መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

«ግሩም ሥራ ነው» አለ። «እኛ እንኳ ጾም ላይ ነን።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «ከእናንተስ ማን እየጠጣው ነው?»

ጋሽ በቀለ ቀስ ብሎ ከሰው ኋላ ሆነ።

በሩ ጋ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት እማማ አስካለ ናቸው የተናገሩት። የሰኔን ጾም በየዓመቱ በእውነት የሚጾሙት ከሰፈሩ እሳቸው ብቻ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ታመው ተኝተው እንኳ ወተት አፋቸው አይገባም።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ ለነማን ነው?»

«ለእህቴ ልጆች ነው እማማ፣ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ» አለ ተሾመ። «እዚህ ካልተጠጣ ገንዘቡ ይመለሳል። እነሱም ያንን የጉድጓድ ውሃ መጠጣታቸው ነው።»

«እንግዲያው አምጣ።»

አማተቡና ጠጡ። ጨርሰውም ብርጭቆውን ዘረጉለት። «ድገመኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልንገራችሁ። ጋሽ በቀለ እየተጋፋ መጣ፣ ጴጥሮስም ተከተለ፣ እኔም ተሰለፍኩ፣ አለቃውም ትሪው ላይ የተወውን ብርጭቆ መልሶ አነሳ። በጀቱ ሳይመለስ ቀረ፤ በርሜሎቹም ክረምቱ ሳይከብድ ለመንደሩ ተጫኑ። ተሾመ የእማማን ጉልበት ስሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

እማማ አስካለ ግን በማግስቱ ቅጣታቸውን ሊቀበሉ ሀና ማርያም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምነው እማማ፣ ስግደቱ በዛ?»

«ምን ስግደት አለ! አጥንቱ ከከሰለ ወዲያ ሥጋነት የለውም፣ ጾም አያፈርስም፣ ምንም ኃጢአት የለብሽም አሉኝ።»

«ታዲያ ይኼ ደስ አይልም?»

ቆም ብለው በትዝብት አዩኝ።

«ምኑ ደስ ይላል? ለነዚያ ልጆች ጾሜን የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት።»

ንስሐ አባታቸውን እስከ ፍልሰታ አኮረፏቸው።